በቢላዋ የሚጓዝ ሞት

አድምጡኝ ወገኖቼ። ዛሬ የምተርክላችሁ ስለ አንድ ተክልና ስለ ገዳዩ ነው። ተክሉን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። ሰሜን ያደገ ሰው ድፎ ዳቦ በኮባ ተጠቅልሎ ሲጋገር አይቷል፤ ደቡብ ያደገ ደግሞ ቆጮውን በልቶ፣ የቡላውን ገንፎ ቀምሶ፣ በቃጫው አጥር አስሮ ነው ለወግ ለማዕረግ የበቃው። እንሰት ነው። ገዳዩ ባክቴሪያ ነው፤ በዓይን አይታይም። ሥራውን እንጂ እሱን ያየ ገበሬ የለም።

ከወላይታ ሶዶ እንነሳ። ከተማዋ ዳሞታ ተራራን ተጠግታ የተቆረቆረች ናት፤ ከነሐሴ 2015 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ የደቡብ ኢትዮጵያ ክልል መቀመጫ ሆናለች። ከዚያ ወደ ቦሎሶ ሶሬ፣ ወደ አረካ የሚወስደውን መንገድ ስትይዙ ግራና ቀኙ ቤት ነው፤ ሰው ከሰው ተጠጋግቶ የሚኖርበት አገር ነው። ቤት ባለበት ደግሞ እንሰት አለ። ከደጃፍ ጀምሮ ከቤቱ ጀርባ ድረስ፣ የከብቱ ፍግ በሚደርስበት መሬት ሁሉ፣ ሰፋፊ ቅጠሉን ዘርግቶ ቆሟል። ቡናው በጥላው ሥር፣ ጎደሬው ከአጠገቡ፣ በቆሎው ራቅ ብሎ። እንሰት የሌለው ጓሮ ያያችሁ እንደሆነ አንድ ነገር ደርሶበታል ማለት ነው፤ ወይ ድህነት፣ ወይ በሽታ፣ ወይ ሁለቱም ተከታትለው።

አንዲት እናት እናስብ። ስም አልሰጣትም፤ እሷን የምትመስል በሶዶ ዙሪያም በዳሞት ጋሌም በየቀበሌው አለችና። ጓሮዋ ውስጥ ያለውን እንሰት በየስሙ ታውቀዋለች። ይሄ ማዚያ ነው፣ ያ ሌላ ነው፤ ይሄኛው ለቆጮ ይሆናል፣ ያኛው ከመሬት ሥር ያለው አሚቾው ተቀቅሎ ሲበላ ይጣፍጣል፣ ያ ደግሞ ቃጫው ይጠነክራል። ሲያሻት ታዳጊውን ታዛውራለች፣ የደረሰውን ትቆርጣለች። አንድ እንሰት ለመድረስ አራት፣ አምስት፣ አንዳንዴም ሰባት ዓመት ይፈልጋል። ባልየው ይተክላል፣ ይቆፍራል፤ መፋቁ፣ መጭመቁ፣ ጉድጓድ ውስጥ ማብላላቱ ግን የሴቶች ሥራ ነው። ሴቶቹም ብቻቸውን አይሠሩትም። ዛሬ እዚህ ቤት፣ ነገ እዚያ ቤት ተጠራርተው ነው የሚፍቁት። ቢላዋና መፋቂያውም አብሯቸው ከጓሮ ጓሮ ይዞራል።

አንድ ማለዳ ታዲያ እናቲቱ ከመካከለኛዎቹ ቅጠሎች አንዱ ቢጫ ሆኖ ጫፉ ተጣጥፎ ታገኘዋለች። ውሃ የጠማው ይመስላታል። በሳምንቱ ሁለተኛው ቅጠል ይከተላል። የልማት ጣቢያ ሠራተኛው ሲመጣ የቅጠሉን አንጓ ይቆርጥና ትንሽ ይታገሣል፤ ከተቆረጠው ላይ ክሬም የመሰለ ቢጫ ፈሳሽ ጠብታ ጠብታ ሆኖ ይወጣል። አበቃ፣ ታወቀ።

«እማማ፣ ይሄንን ነቅለን መቅበር አለብን» ይላታል።

«አምስት ዓመት ያሳደግኩትን ልጄ? ልጆቼ የሚበሉትን?»

«ካልነቀልነው ይሄ ሁሉ ጓሮ ይሄዳል እማማ። የቆረጥሽበት ቢላዋ የማን ነበር?»

እናቲቱ ዝም ትላለች። ቢላዋውን ያዋሰቻት ጎረቤቷ ናት። ጎረቤቷም ክፉ አላሰበችም፤ ውለታ ነው የመለሰችው። የዚህ በሽታ ክፋቱ ይሄ ነው ወገኖቼ፤ የሚጓዘው በደግነታችን መንገድ ላይ ነው። የታመመውን የቆረጠ ቢላዋ ጤነኛውን ሲነካ ባክቴሪያው ይሻገራል። ለከብት መኖ የተቆረጠ ቅጠል ይዞት ይሄዳል። ዘመድ ለዘመድ የሰጠው ችግኝ ይዞት ይሄዳል። ፍልፈሉና ጃርቱ አሚቾውን ሲቦጭቁ ያስገቡታል። መድኃኒት የለውም፤ የሚረጭም የሚቀባም የለም። በአማርኛ አጠውልግ ብለነዋል፤ ከገባ በኋላ ተክሉን እስከ ሥሩ ሳያጠወልግ አይመለስም።

አሁን ወደ ኋላ ልመልሳችሁ። ባክቴሪያውን ለዓለም ሳይንስ ያስተዋወቀው ኢትዮጵያዊ ነው። ዳኛቸው ይርጉ የተባሉ የእፅዋት በሽታ ተመራማሪ ከብሪታንያዊው ብራድበሪ ጋር በ1968 እ.ኤ.አ. ጽሑፋቸውን አሳተሙ፤ እንሰትን የሚያጠወልገው ባክቴሪያ ዛንቶሞናስ ከሚባለው ወገን መሆኑን አሳዩ፣ ስምም አወጡለት። በ1974 እ.ኤ.አ. ደግሞ ይኸው ተሕዋስ ሙዝንም እንደሚገድል እነዚሁ ሁለት ሰዎች ጻፉ። ማስጠንቀቂያ ነበር። ለረጅም ዘመን በሽታው የኛ ብቻ ጉዳይ ሆኖ ቆየ፤ እንሰት የሚበላው ሌላ አገር ስላልነበረ የዓለም ቤተ ሙከራዎች ዞር ብለው አላዩትም። በ2001 እ.ኤ.አ. ኡጋንዳ ሙዝ ላይ ታየ። ኡጋንዳ ማለት ሙዝ ማለት ነው። ከዚያ ኮንጎ፣ ሩዋንዳ፣ ታንዛኒያ፣ ኬንያ፣ ቡሩንዲ ተዛመተ። ያን ጊዜ ነው ዓለም የነቃው። ይሄን ስናገር ሆዴን ይበላኛል፤ ወላይታና ከፋ፣ ሲዳማና ጉራጌ አሥርት ዓመታት ሙሉ ሲጮሁ የሰማ አልነበረምና።

ወላይታ ምን እንደደረሰበት ላስታውሳችሁ። ቦሎሶን ያጠኑት ተመራማሪ ደሳለኝ ራህማቶ ስለ እንሰት በጻፉት ጽሑፍ እንዳሳዩት፣ እንሰት ያለው ቤት ድርቅን የሚሻገርበት ስንቅ አለው፤ እንሰቱ በበሽታና በችግር የሳሳበት ቤት ግን ኑሮው በስኳር ድንችና በበቆሎ ላይ ይወድቃል። ስኳር ድንች ቶሎ ይደርሳል፣ ቶሎም ያልቃል። ዝናብ ሲቀር አብሮ ይቀራል። በ1977 ዓ.ም. ረሃብ ወላይታ በብርቱ ከተጎዱት አካባቢዎች አንዱ ነበር። ረሃቡን በሽታው ብቻ አመጣው አልልም፤ ነገር ግን ጎተራው ጓሮው የሆነ ሕዝብ ጓሮው ሲጠወልግ ምን እንደሚቀረው አስቡት።

ሌሎች እንዲህ ያለውን ገዳይ እንዴት እንደገጠሙት ለማየት ከዚህ ተነስተን ባሕር ተሻግረን አሜሪካ፣ ፍሎሪዳ እንድረስ፤ ወዲያው እንመለሳለን። እዚያ ብርቱካን ነው የሚለማው። በ2005 እ.ኤ.አ. ሲትረስ ግሪኒንግ የሚሉት በሽታ ተገኘ። እሱም ባክቴሪያ ነው፤ ትንሽ ነፍሳት ከዛፍ ዛፍ ትሸከመዋለች፣ ምግብ የሚወርድበት የዛፉ ቧንቧ ውስጥ ተቀምጦ ፍሬውን መራራና ጎባጣ ያደርገዋል። ከበሽታው በፊት ፍሎሪዳ በአንድ ወቅት 242 ሚሊዮን ሣጥን ብርቱካን ታመርት ነበር፤ በ2023/24 እ.ኤ.አ. ከ20 ሚሊዮን በታች ወረደ። ይህ በሽታ ለኛም ሩቅ አይደለም፤ እስያዊው ዝርያው በሰሜን ኢትዮጵያ ብርቱካን ላይ መገኘቱ በ2010 እ.ኤ.አ. ታትሟል።

የፍሎሪዳ ገበሬዎች ገንዘብ ስለነበራቸው ሳይንቲስት ፈለጉ። በቴክሳስ ኤሪክ ሚርኮቭ የተባለ ተመራማሪ ስፒናች ባክቴሪያን የሚከላከልበትን ዘረመል ወስዶ ብርቱካን ውስጥ አስገባ። ቀጥሎ የመጣው ሐሳብ የበለጠ ያስገርማል። በብርቱካን ዛፍ ውስጥ ብዙም ጉዳት ሳያደርስ የሚኖር ቫይረስ አለ፤ ተመራማሪዎች ያንን ቫይረስ የስፒናቹን መከላከያ እንዲያመርት አድርገው ቀይረው፣ ቅርንጫፍ በመቀጠል ወደ ቆመ ዛፍ አስገቡት። ቫይረሱ በዛፉ ቧንቧዎች ሁሉ ሲሰራጭ መድኃኒቱንም አብሮ ያሰራጫል። አዲስ ዛፍ መትከል ሳያስፈልግ ያለውን ዛፍ ማከም ማለት ነው። ሕይወት ያለውን ነገር እንደ ዕቃ ፈትቶ እንደገና የመገጣጠም ጥበብ ሲባል የምትሰሙት ይሄንን የመሰለውን ነው። ፍሎሪዳ ገና አልዳነችም፤ መንገዱ ግን ተከፍቷል።

እንግዲህ ወደኛ። ለሙዝና ለእንሰት መድኃኒቱ ከየት መጣ? ከቃሪያ!

ፈረንጅ ቃሪያ ውስጥ ሁለት ዘረመሎች አሉ፤ ሳይንቲስቶቹ ኤችራፕ እና ፒኤፍኤልፒ ይሏቸዋል። የታይዋን ተመራማሪዎች ናቸው ያገኟቸው። ሥራቸው እንዲህ ነው። ባክቴሪያ ቅጠል ውስጥ ሲገባ ተክሉ ቶሎ ከነቃ፣ ባክቴሪያው የገባበትን ሕዋስና በዙሪያው ያሉትን ራሱ ይገድላቸዋል። ሰደድ እሳት እንዳይሻገር ከፊቱ ያለውን ሣር አስቀድሞ እንደማጨድ ነው፤ ባክቴሪያው የሚበላው ያጣና እዚያው ይቀራል። እንሰትም ይህ ችሎታ አለው፤ ግን ለዚህ ባክቴሪያ ሲሆን ዘግይቶ ይነቃል። የቃሪያዎቹ ዘረመሎች ነገሩን ያፈጥኑታል። ባክቴሪያውን የሚመርዝ ነገር አይጨምሩም፤ ተክሉ የራሱን መከላከያ በጊዜ እንዲያነሳ ነው የሚያደርጉት።

ሊና ትሪፓቲ የምትመራው የዓለም አቀፉ የሞቃታማ ግብርና ኢንስቲትዩት ቡድን እነዚህን ዘረመሎች ወደ ሙዝ አስገባ። የባለቤትነት መብቱ ከታይዋን በነጻ ተገኘ፤ ለዚህ ሥራ ገበሬው ክፍያ አይጠየቅበትም። በኡጋንዳ ካዋንዳ በሚባል የምርምር ጣቢያ፣ በታጠረ መሬት ላይ፣ ዘረመሉ የገባላቸው 65 የሙዝ የዘር ሐረጎች ተተክለው ባክቴሪያው በመርፌ ተወጋባቸው። ከመካከላቸው አንዳንዶቹ በእናቲቱም ተክል፣ ከሥሯ በበቀለው ልጅም ላይ ፈጽሞ አልታመሙም። ይህ በ2014 እ.ኤ.አ. ታተመ። ያም ሆኖ ሙዙ ኡጋንዳዊ ገበሬ እጅ አልገባም፤ ፓርላማው በ2017 እ.ኤ.አ. ያጸደቀውን፣ ዘረመላቸው የተለወጠ ሰብሎችን የሚገዛ ሕግ ፕሬዚዳንቱ ሳይፈርሙበት መለሱት።

እንሰትስ? እንሰት የሙዝ ዘመድ ቢሆንም በጠርሙስ ውስጥ ለማሳደግ አስቸጋሪ ነው። በተቆረጠ ቁጥር ይጠቁራል፤ ቆጮ የፋቀች ሴት እጇ ላይ የሚቀረውን ጥቁረት ታውቀዋለች። ዘረመል ለማስገባት ደግሞ ቲሹውን መቁረጥ ግድ ነው። ብዙ ሙከራ ፈጀ። በ2019 እ.ኤ.አ. ጆናታን ማቴካ፣ ኢብሳ መርጋ፣ እንዳለ ገብሬ፣ ሊና ትሪፓቲና ባልደረቦቻቸው እንሰት አዲስ ዘረመል የሚቀበልበትን ዘዴ አሳተሙ። ተሸካሚው አግሮባክቴሪየም የሚባል የአፈር ባክቴሪያ ነው፤ በተፈጥሮው የራሱን ዘረመል ተክል ውስጥ ያስገባል፣ እነሱ የሚሸከመውን ለወጡለት። ልብ በሉ፤ ባክቴሪያን ለመመከት ባክቴሪያ ተላከ። የአገራችን የግብርና ባዮቴክኖሎጂ ማዕከል ሆለታ ነው፤ እንሰትም በዚህ ምርምር ውስጥ ከገቡት ሰብሎቻችን አንዱ ሆነ።

ሕጋችን ይሄን በር ቀስ እያለ ነው የከፈተው። የደኅንነተ ሕይወት አዋጅ ቁጥር 655/2001 በጣም ጥብቅ ነበር፤ በአዋጅ ቁጥር 896/2007 ተሻሻለ። በ2010 ዓ.ም. ዘረመሉ የተለወጠ ጥጥ ለገበሬ እንዲደርስ ተፈቀደ። ጥጥ ግን አይበላም። እንሰት ደግሞ የወላይታ ልጅ ጡት ሲጥል የሚቀምሰው፣ በዘመን መለወጫው በጊፋታ በቅቤ ርሶ የሚቀርብ ነው። ስለዚህ ሰዎች ሲሰጉ አይገርመኝም፤ መስጋትም መብታቸው ነው።

ከሥጋቶቹ አንዱ «ዘሩ በንፋስ ሄዶ የዱሩን እንሰት ቢያበላሽስ?» የሚል ነው። በደቡብ ምዕራብ ጫካዎች የዱር እንሰት አለ፤ ሥጋቱ ከባዶ የመጣ አይደለም። ነገር ግን የጓሮ እንሰት በአብዛኛው ሳያብብ ይቆረጣል፤ ካበበ ምግቡ ወደ አበባው ስለሚሄድ እናቶች አይጠብቁትም። የሚራባውም ከዘር ፍሬ ሳይሆን ከአሚቾ ነው። አሚቾው ተቆርጦ፣ መሐሉ ወጥቶ፣ ፍግ ተሞልቶ ሲቀበር ከአንዱ ከሃምሳ በላይ ችግኝ ሊወጣ ይችላል። ስለዚህ ይህኛው ሥጋት በጥንቃቄ የሚያዝ ነው ብዬ አምናለሁ።

እኔን የሚያስፈራኝ ሌላ ነው። አረካ የግብርና ምርምር ማዕከል ግቢ ውስጥ ከብዙ ወረዳዎች የተሰበሰቡ በመቶ የሚቆጠሩ የእንሰት ዓይነቶች በሜዳ ላይ ቆመው ይጠበቃሉ። ከዚያ ሥራ ያንቡሌ፣ ገዋዳ፣ እንዳሌ፣ ቀሊሳ፣ ዘሪታና መሰና የተባሉ ዓይነቶች ለገበሬው ተለቀዋል። ከእያንዳንዱ ስም ኋላ ሴቶች አሉ፤ መርጠው፣ ቀምሰው፣ ልጃቸውን ሲድሩ አስይዘው ነው እዚህ ያደረሱት። ነገ ከቤተ ሙከራ አንድ «የማይታመም» እንሰት ቢመጣና ሁሉም ጓሮ እሱን ብቻ ቢተክል፣ ሌሎቹ ስሞች በአንድ ትውልድ ይጠፋሉ። ቀጥሎ ሌላ በሽታ ሲመጣ ባዶ እጃችንን ነን። ፍሎሪዳን ያዋረዳት ባክቴሪያው ብቻ አልነበረም፤ አገር ሙሉ ተመሳሳይ ዛፍ ተክሎ መጠበቅም ነበር።

ደግሞ ጓሮው ራሱ መልስ አለው። ሳዲቅ ሙዘሚልና ባልደረቦቻቸው በ2021 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጥናት 20 የአገር እንሰቶችን በባክቴሪያው ፈተኑ። ፈጽሞ የማይታመም አልተገኘም፤ ነገር ግን አንዳንዶቹ ብዙም አልተጎዱም፣ ከነሱም አንዱ ማዚያ ነው። ከላይ ያሰብናት እናት በስሙ የምትጠራው ያው ማዚያ! ሳይንቲስቶቹ የማዚያን ጥንካሬ ከየት እንደሚያመጣው በዘረመሉ ውስጥ ቢያገኙት፣ ከቃሪያ የሚበደሩትን ያህል ከራሱ ከእንሰትም መውሰድ ይችላሉ። የእንሰት ዘረመል ካርታ የመጀመሪያው ንድፍ በ2014 እ.ኤ.አ. ወጥቷል፤ ከዚያ በኋላም ከአረካ የተወሰዱ ዓይነቶች ጭምር ተነብበዋል። መሣሪያው አለ ማለት ነው።

እኔ የምለው እንግዲህ ይሄ ነው። ይህን ሥራ መፍራት አይበጀንም፣ እጅን አጣጥፎ መቀበልም እንዲሁ። እንሰት የዘር ኩባንያ አይፈልግም፤ አንዲት ሴት አንድ የዳነ አሚቾ ካገኘች ጎረቤቷን፣ እህቷን፣ ምራቷን ታስይዛለች። ቢላዋው በሽታውን ያዳረሰበት የመዋዋስ መንገድ መድኃኒቱንም ያለ ነጋዴ ያዳርሰዋል። እንዲህ የሚሆን ሰብል በዓለም ጥቂት ነው። ስለዚህ ሙከራው የትሪፓቲ ቡድን በሚሠራበት በናይሮቢና በሆለታ ግድግዳ ውስጥ ተዘግቶ አይቅር፤ ሕጉ በሚፈቅደው ጥንቃቄ፣ በታጠረ መሬት፣ አረካ ላይ ይታይ። ፍቀው ቀምሰው የሚፈርዱት የቦሎሶ ሴቶች ይሁኑ። የሚለወጠውም አንድ ዓይነት ብቻ አይሁን፤ ማዚያም ሌሎቹም ይግቡበት። የአረካ ስብስብ ደግሞ በጀት የሚጎድልበት የምርምር ሜዳ ሆኖ አይታይ፤ የወላይታ ብቻ ሳይሆን ከእንሰት ጋር ኑሮው የተሳሰረ ወደ 20 ሚሊዮን የሚጠጋ ኢትዮጵያዊ ሁሉ ቅርስ ነው።

ያ ቀን እስኪመጣ ግን መድኃኒቱ በየቤታችሁ ያለው እሳት ነው። ይህን የምትሰሙ እናቶች፣ እህቶች፣ ወንድሞች፤ አንዱን እንሰት ከቆረጣችሁ በኋላ ወደ ሁለተኛው ሳትሄዱ ቢላዋውን በነበልባል ላይ አግሉት፣ ወይ በበረኪና እጠቡት። መፋቂያውንም እንዲሁ። የታመመውን ከነአሚቾው ነቅላችሁ ቅበሩት፤ ለከብት አትስጡት፣ በአጥር ላይ አትጣሉት። የነቀላችሁበት ቦታ ላይ እንሰትም ሙዝም ቶሎ አትመልሱ፤ ለብዙ ወራት ሌላ ሰብል ይያዘው። ችግኝ ስትቀበሉ የወጣበትን ጓሮ ሄዳችሁ እዩ። ጎረቤት ቢላዋ ሲጠይቃችሁ አትከልክሉት፤ አግላችሁ ስጡት፣ ሲመልስላችሁም አግላችሁ ተቀበሉት።